ጥቂት ቃል ለማን ተመረጠ? ስለ እንግሊዝኛ ቃላት ዝርዝር ታሪክ የቀረበ አጭር ጥናት

እንግሊዝኛ አስቸገረኝ ለሚል የሁለተኛ ደረጃ ተማሪ በየቦታው የሚሰጠው ምክር አንድ ነው፤ «ቃላት አጥና» ይባላል። ምክሩ ክፉ አይደለም። ነገር ግን የትኞቹን ቃላት? ስንቱን? በምን ዓይነት ጥናት? ተብሎ ሲጠየቅ መልሱ ይቀጥናል። ተማሪው ደብተሩን በመስመር ለሁለት ከፍሎ በግራ እንግሊዝኛውን፣ በቀኝ አማርኛውን ይጽፍና አንዱን ወገን በእጁ እየሸፈነ ይሸመድዳል። መቶ ቃል ይይዛል፤ ሁለት መቶ ይይዛል። በማግሥቱ የባዮሎጂ መጽሐፉን ሲገልጥ ግን ከያዛቸው ቃላት ጥቂቱን ብቻ ያገኛል፤ ያገኛቸውም ቢሆኑ በደብተሩ ላይ የተጻፈውን ትርጉም ይዘው አይጠብቁትም።

ይህ ልማድ ከየት እንደ መጣ፣ በሌላው ዓለምም እነዚህ ጥያቄዎች በምን ሁኔታ እንደ ተነሡና እንደ ተመለሱ መመርመር ለታሪክ ተማሪ የሚገባ ሥራ ነው ብለን ስላመንን ይህን ጽሑፍ ለጓደኞቻችንና ለመምህሮቻችን አቅርበናል። በጽሑፉ ውስጥ የሚጠቀሱት ዘመናት ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው። ወደ ዝርዝሩ ከመግባታችን በፊት የደረስንበትን ሐሳብ ባጭሩ እንናገር። የእንግሊዝኛ ቃላት ዝርዝር በሃያኛው ምዕተ ዓመት መጀመሪያ አጋማሽ ሲዘጋጅ በዋናነት የታሰበው ለተማሪው ሳይሆን ለመጽሐፍ ጸሐፊው ነበር። ሸክሙ ከጸሐፊው ጫንቃ ወርዶ በተማሪው ላይ የወደቀው በኋላ ነው።

ቃላትን መቁጠር የተጀመረው ለባዕድ ቋንቋ ትምህርት ተብሎ አይደለም። በ1897 እና በ1898 ኬዲንግ የተባለ ጀርመናዊ ወደ 11 ሚሊዮን የሚጠጉ የጀርመንኛ ቃላትን ያስቆጠረው ስቴኖግራፊ ለሚባለው የአጭር ጽሕፈት ሥራ ነበር። ማሽን በሌለበት ዘመን ይህን ያህል ቃል በእጅ መቁጠር የቱን ያህል ትዕግሥት እንደሚጠይቅ አንባቢ ይገምተው። ከዚያ በኋላ በአሜሪካ ኤድዋርድ ቶርንዳይክ በ1921 የአስተማሪዎች የቃላት መጽሐፍ ብሎ 10,000 ቃላትን በብዛታቸው ተራ አሰልፎ አወጣ። በ1944 ከሎርጅ ጋር ሆኖ ቁጥሩን ወደ 30,000 አደረሰው። ቶርንዳይክ የሠራው እንግሊዝኛ ከእናታቸው ጋር ለሚናገሩ የአሜሪካ ልጆች አስተማሪዎች ነው። ከቆጠረው ጽሑፍም ትልቁን ድርሻ የያዙት መጽሐፍ ቅዱስና የጥንት የእንግሊዝኛ ድርሰቶች ነበሩ። እንግዲህ አንድ ቃል በዝርዝሩ ላይ ከፍ ብሎ መገኘቱ በቆጠራው ውስጥ የገቡት መጻሕፍት እነማን እንደ ነበሩ ይነግረናል እንጂ፣ ለዳካ ወይም ለደሴ ተማሪ የሚያስፈልገው ያ ቃል መሆኑን አያስረዳም።

ዳካን የጠቀስነው በከንቱ አይደለም። የነገሩ ዋና ታሪክ የሚጀምረው በዚያ ነው።

ማይክል ዌስት በ1888 የተወለደ እንግሊዛዊ ሲሆን በሕንድ የትምህርት አገልግሎት ተቀጥሮ በቤንጋል ሠራ፤ በዳካ የመምህራን ማሠልጠኛ ኮሌጅም ኃላፊ ሆነ። ያን ጊዜ ዳካ የእንግሊዝ ግዛት የነበረችው የሕንድ ከተማ ነበረች፤ ዛሬ የባንግላዴሽ ዋና ከተማ ናት። የቤንጋል ተማሪ በቤቱ ቤንጋሊ ይናገራል፤ በትምህርት ቤት ግን ዕውቀት የሚገኘው በእንግሊዝኛ ነው፤ ፈተናውም በእንግሊዝኛ ነው። ይህ ለእኛ አዲስ ወሬ አይደለም። ዌስት የተማሪዎቹን የንባብ ችሎታ እየመዘነ ከመረመረ በኋላ በ1926 ስለ ሁለት ቋንቋ ትምህርት የጻፈው ትልቅ መጽሐፍ በካልካታ ታተመ።

በዚህ መጽሐፍ ውስጥ ከኢንሹራንስ ሥራ የተዋሰው አንድ ሐሳብ አለ። ኢንሹራንስ የገባ ሰው ክፍያውን ሳይጨርስ ውሉን ቢያቋርጥ ከከፈለው ገንዘብ የሚመለስለት ድርሻ አለ። ዌስትም የቋንቋን ትምህርት በዚህ ሚዛን መዘነው። ከቤንጋል ልጆች ብዙዎቹ ትምህርታቸውን ከዳር ሳያደርሱ ይወጡ ነበር። አንድ ልጅ በሦስተኛው ወይም በአራተኛው ዓመት ቢያቋርጥ፣ ለእንግሊዝኛ ካጠፋው ጊዜ በእጁ የሚቀርለት ምንድን ነው? የተሸመደደ ሰዋስው ከሆነ ምንም አይቀርለትም። ቀላል መጽሐፍ ማንበብ ከቻለ ግን ከትምህርት ቤት በወጣበትም ቀን ማንበብ ይችላል። ይህ ጥያቄ በእኛ አገር እምብዛም ሲጠየቅ አልሰማንም። እኛ ዘወትር የምንጠይቀው ስለሚያልፈው ተማሪ ነው።

ዌስት ቀጥሎ ያደረገው በተማሪዎቹ እጅ የነበሩትን የንባብ መጻሕፍት መመርመር ነበር። ሁለት ጉድለት አገኘ። አንደኛው፣ መጻሕፍቱ ማንም በማይናገራቸው የድርሰት ቃላት ተሞልተው ነበር። «ፕላይት»፣ «አይል»፣ «ኤር»፣ «ግሩም» የሚሉትን የመሳሰሉ ቃላት አውጥቶ በምትካቸው የተለመዱትን አስገባ። (የመጨረሻው ቃል በአማርኛ ያለው ትርጉም ይቅርና በእንግሊዝኛው ፈረስ ጠባቂ ማለት ነው፤ ከፈረስ ጠባቂ ጋር ጉዳይ ያለው የቤንጋል ልጅ ስንት ይሆን?) ሁለተኛው ጉድለት ከመጀመሪያው ይከፋል። አዳዲሶቹ ቃላት ተከማችተው ይመጡ ነበር። ተማሪው አንዱን ሳይለምድ ሌላው ይደርሳል፤ የደረሰውም ቃል አንድ ጊዜ ታይቶ ዳግመኛ አይመለስም። ስለዚህ ዌስት ባዘጋጃቸው አዳዲስ የንባብ መጻሕፍት አንድ አዲስ ቃል ከሃምሳ ወይም ከስድሳ ከሚሆኑ የታወቁ ቃላት በኋላ ብቻ እንዲገባ፣ የገባውም ቃል ደጋግሞ እንዲመለስ አደረገ።

እዚህ ላይ ቆም እንበል። ይህን ደንብ የሚጠብቀው ማነው? ተማሪው አይደለም። ተማሪው ደንቡ መኖሩን እንኳ አያውቅም፤ እርሱ የሚያውቀው መጽሐፉ እንደሚነበብለት ነው። ቃል የመምረጥ፣ የመመጠንና የመደጋገም ድካም በሙሉ የጸሐፊው ነበር።

በዚያው ዘመን በቶኪዮ ሌላ እንግሊዛዊ ሃሮልድ ፓልመር ይሠራ ነበር። ወደ ጃፓን የሄደው በ1922 ሲሆን በማግሥቱ ዓመት የእንግሊዝኛ ትምህርት ምርምር ተቋም በእርሱ መሪነት ተመሠረተ፤ እስከ 1936 ድረስም በዚያ ቆየ። ፓልመር ከዌስት የሚለየው ንግግርን ከንባብ ማስቀደሙ ነው። ለእኛ ጥናት የሚጠቅመን ግን ሌላው ሥራው ነው። ቃል ለብቻው እንደማይኖር፣ ሁልጊዜ የሚከተለው ጓደኛ እንዳለው አስተዋለና በ1933 እንግሊዝኛ ቃላት እርስ በርሳቸው ስለሚጣመሩበት ሁኔታ ሰፊ ዘገባ አወጣ።

ይህን ነገር ከእንግሊዞቹ ይልቅ አማርኛ ተናጋሪ ቶሎ ይረዳዋል። ተማሪው በደብተሩ ላይ «ቴክ» ማለት ወሰደ ነው ብሎ ይጽፋል። በእንግሊዝኛ ፎቶግራፍ «ይወሰዳል»፤ በአማርኛ ፎቶግራፍ ይነሣል። በእንግሊዝኛ አውቶቡስ «ይወሰዳል»፤ በአማርኛ ሰው በአውቶቡስ ይሳፈራል። በእንግሊዝኛ ፈተናም «ይወሰዳል»፤ እኛ ግን እንፈተናለን እንጂ ፈተና ወስደን የምንሄድበት የለንም። ቡናም እንዲሁ ነው። በአማርኛ ቡና ይወፍራል ይቀጥናል፤ በእንግሊዝኛ ብርቱና ደካማ ይሆናል። ወፍራም ማለት «ፋት» ነው ብሎ የሸመደደ ልጅ እንግሊዛዊውን ምን ዓይነት ቡና እንደሚያቀርብለት መገመት አያዳግትም። ከሁሉ ይልቅ የሚያስቀው ደግሞ ጉንፋን ነው፤ በእንግሊዝኛ ሰውየው ጉንፋኑን ይይዛል፤ በአማርኛ ግን ጉንፋኑ ሰውየውን ይይዘዋል። በሁለት ዓምድ የተጻፈ ደብተር ይህን ሊያስተምር አይችልም፤ ደብተሩ የሚይዘው ቃሉን ነው እንጂ ጓደኛውን አይደለም።

የፓልመር ተባባሪ የነበረው ሆርንቢ ከጌትንቢና ከዌክፊልድ ጋር ሆኖ ይህንኑ አሳብ ወደ መዝገበ ቃላት አገባው። መዝገበ ቃላቱ በቶኪዮ የታተመው በ1942 ነው፤ ይኸውም ጃፓንና እንግሊዝ ጦር ተማዘው በሚዋጉበት ጊዜ መሆኑ ነው። የጠላት ቋንቋ መዝገበ ቃላት በጦርነት መካከል ማሳተም የሚያስመሰግን ድፍረት ይመስለናል። በ1948 የኦክስፎርድ ማተሚያ ቤት ያንኑ እንዳለ አንሥቶ አሳተመው፤ ዛሬ በየተማሪው እጅ የሚገኘው የኦክስፎርድ የተማሪዎች መዝገበ ቃላት የተወለደው ከዚህ ነው። ዌስትም በበኩሉ በ1935 ከኤንዲኮት ጋር ባወጣው መዝገበ ቃላት ወደ 24,000 የሚጠጉ ቃላትንና አነጋገሮችን በ1,490 ቃላት ብቻ ተርጉሞ አሳይቷል። እዚህም ደንቡ የሚያስረው ጸሐፊውን ነው፤ ፍቺው ከሚፈታው ቃል እንዳይከብድ የሚጠነቀቀው እርሱ ነውና። በ1978 የወጣው የሎንግማን መዝገበ ቃላት በዚሁ መንገድ 2,000 በሚሆኑ ቃላት ፍቺውን ሁሉ ጽፏል።

ሁሉም ግን እንደዚህ አላሰበም። ኦግደን የተባለው የካምብሪጅ ሰው በ1930 መሠረታዊ እንግሊዝኛ ያለውን የ850 ቃላት ዝርዝር ሲያወጣ ዓለም ሁሉ በዚህ ብቻ ሊግባባ ይችላል አለ። ከግሦቹ ያስቀረው 18 ብቻ ነበር። ነገሩ ሲያዩት ያጓጓል፤ ቸርችል እንኳ በጦርነቱ ጊዜ ደግፎታል። ችግሩ ግን ወዲያው ይታያል። ግሦችን ያወጣ ሰው በምትካቸው ትንንሾቹን ቃላት ማጣመር አለበት፤ ለተማሪ ደግሞ ከረጅሙ ቃል ይልቅ የሚከብደው ይህ ጥምረት ነው። «ጊቭ» ሰጠ፣ «አፕ» ወደ ላይ ነው ብሎ የተማረ ልጅ «ጊቭ አፕ» ማለት ተወ፣ ተስፋ ቆረጠ ማለት መሆኑን በምን ያውቃል? ሁለት ቀላል ቃላት ተደምረው አንድ ከባድ ቃል ሆኑ። በዝርዝሩ ላይ ሁለት ተብለው ተቆጥረዋል፤ በተማሪው ራስ ውስጥ ግን ሦስት ናቸው። ዌስትና ባልደረቦቹ በ1934 የኦግደንን ዝርዝር በጽሑፍ ነቅፈዋል፤ በእኛ አስተያየት እውነት ነበራቸው።

በዚያው በ1934 በጥቅምት ወር የካርኔጊ ድርጅት በኒውዮርክ ጉባኤ ጠራ። ዌስት፣ ፓልመር፣ ፎሴት፣ ቶርንዳይክና የቋንቋ ሊቁ ሳፒር ተገኙ። ከዚህ ጉባኤ የተገኘው ጊዜያዊ ዘገባ በ1936 ታተመ፤ ጦርነቱ ሥራውን አዘገየውና የመጨረሻው ፍሬ በ1953 በዌስት አዘጋጅነት ወጣ። ወደ 2,000 የሚሆኑ ቃላት የያዘው ይህ ዝርዝር ሁለት ነገሮች አሉት። መጀመሪያ፣ ቃሉን ብቻ ሳይሆን የቃሉን ልዩ ልዩ ትርጉሞች ለይቶ እያንዳንዱ ትርጉም ከመቶ ስንት ጊዜ እንደሚገኝ ያሳያል። ሁለተኛ፣ በርእሱ ላይ የተጨመረውን ቃል እናስተውል፤ ስለ ሳይንስና ስለ ቴክኒክ ለሕዝብ የሚሆን ጽሑፍ ለመጻፍ የሚረዳ ተጨማሪ የቃላት ዝርዝር እንዳለበት ይናገራል። ለመጻፍ ነው የሚለው፤ ለመሸምደድ አይልም።

አሁን ወደ አገራችን እንመለስ። በዝርዝር ቃልን መማር በእኛ ዘንድ ከእንግሊዝኛ ጋር የመጣ ነገር አይደለም። በቅኔ ቤት ተማሪው የግእዙን ግስ ከአማርኛ ፍቺው ጋር በቃሉ ይይዛል፤ በእጅ የተጻፉት የሰዋስው መጻሕፍትም የግእዝን ቃል ከአማርኛው ጋር አሰልፈው የያዙ ናቸው። እንዲህ ያለ ትምህርት በኖረበት አገር ሁለት ዓምድ ያለው ደብተር ለእንግሊዝኛም መዋሉ አያስገርምም። ነገር ግን ንጽጽሩን እስከ ፍጻሜው ካላደረስነው የቅኔ መምህራንን እንበድላለን። የቅኔ ተማሪ ግሱን ይዞ አይቀመጥም። ሁለት ቤት ካላት ከጉባኤ ቃና ጀምሮ በያዘው ግስ ራሱ ቅኔ ይቆጥራል፤ ለመምህሩ ይነግራል፤ መምህሩም ያቃናለታል፤ ነገም ሌላ ይቆጥራል። ቃሉ ተይዞ ሳያድር ወደ ሥራ ይገባል። የእንግሊዝኛው ደብተር ከቅኔ ቤት የወረሰው መጀመሪያውን እኩሌታ ብቻ ነው።

በ1908 በአዲስ አበባ የዳግማዊ ምኒልክ ትምህርት ቤት ሲከፈት፣ በኋላም በ1925 የተፈሪ መኰንን ትምህርት ቤት ሲቆም በዘመናዊው ትምህርት ውስጥ ይበልጥ የገነነው ፈረንሳይኛ ነበር። ከጣልያን ወረራ በኋላ፣ ከ1941 ጀምሮ፣ እንግሊዝኛ ቦታውን ያዘ። አስተማሪውም መጽሐፉም በአብዛኛው ከውጭ የመጣ ነበር። በ1950 የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ ሲከፈት የከፍተኛ ትምህርቱ ቋንቋ እንግሊዝኛ መሆኑ ያለቀ ነገር ነበር። በ1962 የአሜሪካ የሰላም ጓድ መምህራን በመቶ እየተቆጠሩ ወደ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች መጡ።

ትልቁ ለውጥ የመጣው በ1963 ነው። ከአንደኛ እስከ ስድስተኛ ክፍል ያለው ትምህርት በአማርኛ እንዲሆን ተደረገ፤ እንግሊዝኛ ከሰባተኛ ክፍል ጀምሮ የትምህርት ሁሉ ቋንቋ ሆነ። አማርኛ ለሚናገር ልጅ ይህ ትክክለኛ እርምጃ ነበር፤ አማርኛ በቤቱ ለማይነገር ልጅ ግን ሁለት ባዕድ ቋንቋ በተከታታይ መማር ማለት ነበር። የ1994ቱ የትምህርት ፖሊሲ ልጆች በአፍ መፍቻ ቋንቋቸው እንዲማሩ ሲደነግግ እንግሊዝኛን የሁለተኛ ደረጃ ማስተማሪያ አድርጎ አጸናው። ሽግግሩ በአንዳንድ ክልሎች ከሰባተኛ፣ በሌሎችም ከዘጠነኛ ክፍል ጀመረ። መንግሥታት ተለዋወጡ፤ ፖሊሲዎች ተለዋወጡ፤ ድልድዩ ግን ከመካከል እንደ ተቆረጠ ቀረ። እስከ ትናንትና እንግሊዝኛን እንደ አንድ ትምህርት በቀን አንድ ክፍለ ጊዜ ይማር የነበረ ልጅ ዛሬ ፊዚክሱንም፣ ኬሚስትሪውንም፣ ጂኦግራፊውንም በዚያው ቋንቋ እንዲረዳ ይጠየቃል። በአማርኛ የተጻፈውን የሳይንስ መጽሐፍ በደንብ ይረዳ የነበረ ልጅ በአንድ ክረምት ሰነፍ ይሆናል። ልጁ አልተለወጠም፤ መጽሐፉ ነው የተለወጠው።

ለዚህ ልጅ ከባዱ የትኛው ቃል ነው? ብዙ ሰው የሚመስለው የሳይንሱ ስም ነው። እኛ ግን አይመስለንም። «ኦክስጅን» የሚለውን ቃል መምህሩ በሰሌዳ ላይ ጽፎ ያስረዳዋል፤ ለአማርኛ ተናጋሪም ለእንግሊዙም ልጅ እኩል አዲስ ነው። የሚያሰናክሉት መምህሩ የማይፈታቸው፣ በሰዋስው ትምህርትም በሳይንስ ትምህርትም ባለቤት የሌላቸው ቃላት ናቸው፤ «ኮንሲስት»፣ «ዴራይቭ»፣ «ሪስፔክቲቭሊ» የሚሉትን የመሳሰሉ። ደግሞ የሚያውቃቸው የሚመስሉት አሉ። «ወርክ» ሥራ መሆኑን ከሦስተኛ ክፍል ጀምሮ ያውቃል፤ በፊዚክስ ግን ድንጋይ ተሸክሞ ቀኑን ሙሉ ዝም ብሎ የቆመ ሰው በድንጋዩ ላይ ምንም «ወርክ» አልሠራም ሲባል ይደነግጣል። በ2000 በኒውዚላንድ የዌሊንግተን ተመራማሪ አቬሪል ኮክስሄድ እንዲህ ያሉትን ከዌስት 2,000 ቃላት ውጭ ያሉ የትምህርት ቃላት ከ3.5 ሚሊዮን ቃል ጽሑፍ ውስጥ ለቅማ 570 የቃል ቤተሰቦች አገኘች። እነዚህ ብቻ ከአንድ የዩኒቨርሲቲ መጽሐፍ ከመቶ 10 ያህሉን ይይዛሉ። ቁጥሩ ትንሽ ነው፤ ተስፋም ይሰጣል።

በዚያው ዓመት ሁና ኔሽን የተባሉ ተመራማሪዎች አንድን ታሪክ ለተለያዩ አንባቢዎች በተለያየ መጠን እያከበዱ ሰጡ። ከመቶው ቃል 80 ብቻ የሚታወቅ ሲሆን ታሪኩን በሚገባ የተረዳ አንድም ሰው አልተገኘም። ያለማንም እርዳታ ለመረዳት ከመቶ 98 ያህል ቃል መታወቅ አለበት ወደሚል ግምት ደረሱ። ይህን ቁጥር እንተርጉመው። ከመቶ 98 ማለት ከሃምሳ ቃል አንድ አዲስ ማለት ነው። ዌስት በቤንጋል በመምህርነት ልምዱ የደረሰበት መጠን ከሰባ ዓመት በላይ ቆይቶ በፈተና ተመዝኖ ሲመጣ ያው ሆኖ ተገኘ። 300 ቃል ባለው ገጽ ላይ ከመቶ 98 የሚያውቅ ልጅ የሚያሰናክሉት 6 ቃላት ናቸው፤ ከመቶ 80 የሚያውቀውን ግን 60 ያሰናክሉታል። ስድሳ ቃል በመዝገበ ቃላት እየፈለገ አንድ ገጽ የሚጨርስ ተማሪ ሲነጋም አይጨርስም። የሚቀረው አማራጭ ገጹን ሳይረዳ መሸምደድ ነው፤ ይህን የሚያደርጉ ጓደኞች የሌሉት አንባቢ ያለ አይመስለንም።

ታዲያ መጽሐፉን ማቅለል ያወጣል ወይ? በ1980ና በ1981 በፊጂ ደሴቶች ገጠር ትምህርት ቤቶች ኤሊና ማንጉብሃይ የተባሉ ሰዎች አንድ ሙከራ አድርገው በ1983 አሳትመውታል። የአራተኛና የአምስተኛ ክፍል ልጆች ወዳሉባቸው ክፍሎች 250 ያህል ልጆችን የሚያስደስቱ የእንግሊዝኛ የተረት መጻሕፍት አስገቡ። ልጆቹ በየቀኑ አነበቡ፤ ወይም መምህሩ እያነበበላቸው አብረው ተከታተሉ። የንባብ ችሎታቸው በተለመደው መንገድ ከተማሩት በእጥፍ ፍጥነት አደገ። እኛ በተማርንበት የሚሲዮን ትምህርት ቤትም የተረት መጻሕፍት አልጠፉም ነበር። በመስተዋት ቁም ሣጥን ውስጥ ተሰልፈው በመስኮት ይታዩን ነበር፤ ተማሪ ያቆሽሻቸዋል ተብሎ ቁልፉ አይገኝም። ዓርብ ዓርብ ግን የሃያ ቃላት ፈተና ሳይታጎል ይሰጠን ነበር።

ይህን ስንል ቃላትን ለይቶ ማጥናት ከንቱ ነው ማለታችን አይደለም። ቃላትን በትንንሽ ወረቀት እየጻፉ ደጋግሞ ማጥናት በአጭር ጊዜ ብዙ እንደሚያስይዝ ከላይ የጠቀስነው ኔሽን ራሱ አጥብቆ ይናገራል። እውነተኛ ጋዜጣና ልብ ወለድ በምቾት ለማንበብ ከ8,000 እስከ 9,000 የቃል ቤተሰብ እንደሚያስፈልግም በ2006 ገምቷል፤ ይህ ሁሉ በንባብ ብቻ ይመጣል ብሎ ቁጭ ማለት አይቻልም። ነገር ግን በወረቀት የተያዘው ቃል በገጽ ላይ ካልተገናኙት ይረሳል፤ የሚያገናኘው ገጽ ደግሞ የሚነበብ መሆን አለበት። የእኛ ተማሪ በእጁ ያሉት ሁለት ነገሮች ናቸው፤ የማይነበብለት የትምህርት መጽሐፍና የማያልቅ የቃላት ዝርዝር። በሁለቱ መካከል መገኘት የሚገባው፣ ዌስት ዕድሜውን የጨረሰበት፣ ቀላል የንባብ መጽሐፍ የለም።

በነገራችን ላይ ለአማርኛ ተናጋሪ የተዘጋጀ መልካም መሣሪያ ፈጽሞ አልጠፋም። አርምብሩስተር በ1910 የእንግሊዝኛና የአማርኛ መዝገበ ቃላቱን ሲያወጣ የታሰበው አማርኛ ለሚማረው እንግሊዛዊ ነበር። በ1973 ግን ሁለት መጻሕፍት ባንድ ዓመት ወጡ። አንዱ ዶክተር አምሳሉ አክሊሉ ከሞስባክ ጋር ሆነው ያዘጋጁት የእንግሊዝኛ አማርኛ መዝገበ ቃላት ሲሆን የብዙ ተማሪ ቤት ጓደኛ ሆኗል። ሁለተኛው የፕሮፌሰር ቮልፍ ሌስላው ነው፤ ይህ መጽሐፍ እያንዳንዱን የእንግሊዝኛ ቃል በዓረፍተ ነገር ውስጥ አግብቶ ዓረፍተ ነገሩን ወደ አማርኛ ይመልሰዋል። ከላይ ስለ ፎቶግራፍና ስለ አውቶቡስ ያነሣነውን ችግር የሚፈታው እንዲህ ያለው አሠራር ነው። መጽሐፉ በጀርመን አገር የታተመ፣ ወፍራምና ውድ ስለ ሆነ ከቤተ መጻሕፍት ውጭ ብዙ አይታይም፤ አሠራሩን ግን በትንሽ መጠን ለሰባተኛ ክፍል ማዘጋጀት የሚያቅት አይመስለንም።

ከዚያ በፊት መታወቅ ያለበት አንድ ነገር አለ። ትምህርት በእንግሊዝኛ በሚጀመርበት ክፍል የሚሰጠው የሳይንስ መጽሐፍ በአንድ ገጽ ላይ ስንት አዲስ ቃል እንደሚያመጣ፣ የመጣውም ቃል በሚቀጥሉት አሥር ገጾች ስንት ጊዜ እንደሚመለስ መቆጠር አለበት። ከመጽሐፉ አሥር ገጽ ማንሣት፣ ልጆቹ እስከዚያ ክፍል ከተማሩባቸው የእንግሊዝኛ መጻሕፍት ጋር ማስተያየት፣ በዚያ ያልነበረውን ቃል ማስመር፣ ከዚያ መደመር ነው። ኬዲንግ 11 ሚሊዮን ቃል በእጅ አስቆጥሯል፤ ይህኛው ከሦስት ሺህ አይበልጥም፤ በሚመጣው የዕረፍት ወራት ወደየአገራቸው የሚመለሱ ጓደኞቻችን እርሳስና የታናሽ ወንድማቸውን ደብተርና መጻሕፍት ይዘው ሊጀምሩት ይችላሉ።